እንቅልፋም ኮክ

ባደግሁበት ቤት እንቅልፍ ከስርቆት የማይተናነስ ነውር ነበር። ዶሮ ከጮኸ በኋላ የተኛ ልጅ ቁርሱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል፤ እስከ ማታ ድረስ «እንቅልፋሙ» እየተባለ ይላካል። ይህንኑ አስተዳደግ ይዤ አሜሪካ ገባሁ፤ ልጆቼንም ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስ እየገፈፍሁ በዚሁ አሳደግሁ። እንግዲህ እኔን የመሰለ ሰው በስተርጅናው፣ ዴንቨር ሎውሪ ውስጥ፣ በየካቲት ፀሐይ ጓሮው ቆሞ «ተኚ፤ ገና ነው፤ እባክሽ ተኚ» እያለ ሲለማመጥ ቢታይ ምን ይባላል? ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ መጀመሪያ ስልክ የማወራ መስሏት ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ከኮኳ ጋር» አልኋት። ስልክ ቢሆን ይሻላት ነበር መሰለኝ፤ ቢያንስ ማን እንደሆነች ታጣራ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሳጥን ነው። ዴንቨርና ኦሮራ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኦገስት ሲገባ ከተማው የፓሊሴድን ኮክ እንጂ ሌላ ወሬ የለውም። ፓሊሴድ ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ተራራውን ተሻግሮ በአይ-70 አራት ሰዓት ያህል የምታስነዳ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1882 ጀምሮ ኮክ ይተከልባታል (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ኮኩ በየመንገዱ ዳር ድንኳን ተጥሎለት ባለ 20 ፓውንዱ ሳጥን ይቸበቸባል። ኦገስት ደግሞ የእኛ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሥጋና ወተት የራቀው አበሻ ሽሮውን በልቶ ሲያበቃ ምን ያስከትል? ከተማዋ የቤተ ክርስቲያናችንን ባሕረ ሐሳብ አይታ የምትሠራ ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ሁለት ሳጥን ይገባል፤ አንዱ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ልጅ ሳለሁ ኮክ ማለት የሰው ጓሮ ፍሬ ነው። የራስህ ጓሮ ቢኖረውም የጎረቤት ይጣፍጣል። ማንም ተከለው የሚባል የለም፤ በልቶ የጣለው ፍሬ አጥር ሥር በቅሎ ዛፍ ይሆናል። እስኪበስል የሚጠብቅ ትዕግሥተኛ ልጅ ደግሞ በሰፈራችን አልተወለደም። ድንጋይ የመሰለውን አረንጓዴ ኮክ ሸሚዛችን ላይ ጠርገን እንቆረጥመዋለን፣ ማታ ሆዳችንን ይዘን እንንከባለላለን፣ በማግስቱ ተመልሰን እንሄዳለን። የበሰለ ኮክ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው በቅጡ ያየሁት ኮሎራዶ ነው። ውኃው በክርኔ ሲወርድ ለባለቤቴ «ይኼን ሰው በሳጥን ይገዛል እንዴ፤ ተክሎ አይበላም?» አልኋት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬ ሰላማዊ ሰው ነበርሁ።

ስለ ሎውሪ አፈር ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። ስሙን ያገኘው በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነት ከተገደለው የዴንቨር ልጅ፣ ከሌተናንት ፍራንሲስ ሎውሪ ነው። አይዘንሃወር በፕሬዚዳንትነቱ በጋውን እዚህ እየመጣ ይሠራ ነበር። የአየር ኃይሉ አካዳሚም ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከመሄዱ በፊት ከ1955 እስከ 1958 እዚሁ ነበር። ሰፈሩ በ1994 ሲዘጋ ቤት ተሠራበት። ሃንጋሩ አሁን የአውሮፕላን ሙዚየም ነው፤ ደጃፉ ላይ ቢ-52 ቦምብ ጣይ ቆሟል። እኔ ቤት ለሚመጣ አበሻ አድራሻ መንገር ቀላል ነው፦ «ቦምብ ጣዩን እንዳለፍህ ደውልልኝ»። ታዲያ ለስንት ዓመት ወታደር ሲሰለፍበት የኖረ መሬት ዶማ እንኳን ደህና መጣህ አይለውም። እርጥብ ሲሆን ሊጥ፣ ሲደርቅ ሸክላ ድስት ነው። አንድ ክንድ ለመቆፈር ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያዋን ችግኝ በ2021 የገዛሁት ሥዕሏን አይቼ ነው። እዚህ ላይ አልዋሽም። ፍሎርዳፕሪንስ ትባላለች፤ ስሟ ውስጥ ፍሎሪዳ ተቀምጦ እያየሁት «ፕሪንስ» የሚለው ማረከኝ። ልዑል ነው እንግዲህ፤ ማን ይጠላል? እናቴ በስልክ ሰምታ «ችግኝ በዶላር ትገዛለህ? የበላኸውን ፍሬ ወደ ጓሮ ወርውረው እንጂ!» አለችኝ። የዛፍ ትምህርቷ ይኸው ነው፤ ስድሳ ዓመት ሠርቶላታል።

በማግስቱ ዓመት፣ ገና ማርች ሲብት፣ ዛፏ አበበች። ቅጠል ሳይኖራት፣ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ አበባ ብቻ! ፎቶ አነሳን፣ ለዘመድ ላክን፣ ሦስት አገር «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። በአራተኛው ቀን በረዶ ጣለ። በረዶው ሲቀልጥ አበባው እዚያው አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። አንዱን በጥፍሬ ከፈትሁት። መሐሉ፣ ፍሬ የሚሆነው ቦታ፣ የተጫረ ክብሪት ራስ መስሎ ጠቁሯል። ሌላ ከፈትሁ፣ ጥቁር። ሃያ ያህል ከፍቼ ተውሁት። ያበበ ኮክ ከዜሮ በታች 2.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ከአሥር አበባ አንዱ ይሞታል፤ 4.4 ላይ ከአሥሩ የሚተርፈው አንድ ነው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቁጥር ሁልጊዜ ከልቅሶ በኋላ ይደርሳል።

ያስረዳኝ ጎረቤቴ ነው። ከአየር ኃይል በመካኒክነት ጡረታ የወጣ፣ ችግኝንም እንደ ሞተር የሚመረምር ሽማግሌ ነው። ዛፏ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ገልብጦ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ አንዲት ቁጥር በጣቱ አሳየኝ፦ 150። የቅዝቃዜ ሰዓት ነው አለኝ።

ኮክ በብርዱ ወራት ዝም ብላ አትተኛም፤ ትቆጥራለች። ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ያለውን ቅዝቃዜ ሰዓት በሰዓት እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ትመዘግባለች። የሚገባት ሰዓት ካልሞላ ሙቀት ቢመጣም አትነሳም። ከሞላ ግን የሚያስተኛት የለም፤ ትንሽ ሞቅ ካለላት «ነጋ» ብላ ትወጣለች። ፍሎርዳፕሪንስ ብርድ እምብዛም ለማያውቅ ለፍሎሪዳ የተዳቀለች ስለሆነች 150 ሰዓት ይበቃታል። ያን ዴንቨር ኖቬምበር ሳያልቅ ይከፍላታል። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ጨፍና እንጂ ተኝታ አይደለችም። ዴንቨር ደግሞ አታላይ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ድንገት በቲሸርት የሚያስወጣ ቀን ይሰጥና ሰዉ ጃኬቱን ጥሎ በየፓርኩ ሲፈስ በማግስቱ አካፋ ያስይዘዋል። ስንት ዓመት የኖርነው እኛ እንኳን በየዓመቱ እንሸወዳለን፤ ፍሎሪዳ ያደገች ኮክ ምን ታድርግ? «እዚህ ከተማ ኮክ የሚገድለው ብርዱ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ወረቀቷን መልሶ እየሰቀለ።

ብርዱም ቢሆን ግን እጁን አልሰበሰበም። በዲሴምበር 21 ቀን 2022 ማታ፣ ቴርሞሜትሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ያህል ወርዶ በማግስቱ ከዜሮ በታች 31 ገባ። ልዑሉ በዚያ ሌሊት አረፈ። ጸደይ ላይ ከሥሩ አንድ ለምለም ቀንበጥ ብቅ ሲል እናቴ በቪዲዮ አይታ እልል አለች። ሽማግሌው ግን ራሱን ነቀነቀ። ቀንበጡ የወጣው ዛፏ ከሥሯ ከተሰፋችበት ቋጠሮ በታች ነው፤ ማለትም የራሷ ሳይሆን ሥር እንዲሆናት የተሰፋላት የሌላ ኮክ ነው። ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ቤቱን ሲወርስ በዓይኔ አየሁ። ነቀልሁት።

ሁለተኛዋን የመረጥሁት ሽማግሌ ልኬ ነው ማለት ይቻላል። ሽማግሌውም ያው ጎረቤቴ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የእያንዳንዷን ዘር ቆጠርን። ሪላያንስ አለች፤ በ1964 ከኒው ሃምፕሸር የወጣች፣ ብርድ የማትፈራ፣ ለሌላ ዛፍ እንቡጥ ሞት የሆነ ቅዝቃዜ የምትችል። ጠባይዋ ወርቅ ነው፤ ጣዕሟ ግን «ደህና ናት» ከመባል አያልፍም። እንደዚህ ያለች ሙሽራ በአገራችንም በሽማግሌ ዘንድ ትወደዳለች፤ ሙሽራው ነው የሚያቅማማው። ሬድሄቨን አለች፤ ሚሺጋን ስቴት በ1940 ያወጣት፣ ቀይ፣ ቀድማ የምትበስል፣ ዛሬ ፓሊሴድም የሚያመርታት። ኤልበርታም አለች፤ ጆርጂያ ውስጥ ሳሙኤል ረምፍ የተባለ ገበሬ ያወጣትና በሚስቱ ስም የሰየማት። ይህን ለባለቤቴ መንገር አልነበረብኝም። «አየህ! ሰው ለሚስቱ ኮክ ይሰይማል» አለች፤ እስካሁን በየምክንያቱ ትጠቅሰዋለች። ኤልበርታን ያስተወን ዘግይታ መብሰሏ ነው። በሴፕቴምበር 2020 ከ34 ዲግሪ ሙቀት በማግስቱ በረዶ የጣለበት ከተማ ውስጥ ፍሬ ዛፍ ላይ ማቆየት ልብ ይጠይቃል።

የተመረጠችው ኮንቴንደር ናት። የኖርዝ ካሮላይና ልጅ፤ ወረቀቷን ስገለብጠው 1,050 ይላል። አንድ ሺህ ሃምሳ ሰዓት! ልጆቼን እንኳን ይህን ያህል አላስተኛኋቸውም። ዘግይታ ትነሳለች፣ ዘግይታ ታብባለች፣ ፍሬዋ ከድንጋዩ ሳይጣበቅ ይላቀቃል፣ የምትበስለውም ኦገስት ላይ ነው። ባል የማትፈልግ መሆኗም ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ኮክ ብቻውን ያፈራል። እንደ ፖም ሁለተኛ ዛፍ ግዛልኝ አይልም።

መመሪያ ግን አላት። ከብርዱ ወራት ፀሐይ ግንዱ እንዳይሰነጠቅ በምስጋና ቀን በወረቀት ጠቅልል፣ በፋሲካ ፍታ ይላል የዴንቨር አትክልተኛ። በየትኛው ፋሲካ? በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ሆኖ አምስት ሳምንት ተለያዩ። ሽማግሌው ኤፕሪል ላይ መጥቶ ለምን እንዳልፈታሁ ጠየቀኝ። «ጾም ላይ ናት» አልሁት። የሚገርመው ነገር ተቀበለኝ።

በዚያው በጋ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ብረት አጥሯት ነው ይላል። አፈራችን ብረት ሞልቶት ኖራው አልለቅ ስለሚላት ነው፤ ገንዘብ ባንክ እያለው እንደሚራብ ሰው። የእኛ ሰዎች ግን መፍትሔው ቡና ነው አሉ። ስለዚህ ባለቤቴ ቡና ባፈላች ቁጥር አተላውን ከአቦል እስከ በረካ እየቀዳን አጠጣናት። ሰፈሩ ሁሉ መዓዛ ሆነ፤ ቅጠሉ ቢጫ። በመጨረሻ ኖራ የማያስረውን ቀይ የብረት ዱቄት ገዝቼ ሥሯ ላይ በጠበጥሁላት፤ በሁለት ሳምንት መለስ አለች። ቡናውን አሁንም የሚያጠጣት አለ፤ ልማድ ሆኖ።

ባለፈው ዓመት እናቴ መጣች። ኤፕሪል ውስጥ ነው፤ ኮኳ ደግሞ በሦስተኛ ዓመቷ፣ ቸኩለው ካበቡት የሰፈር ዛፎች ሁሉ ዘግይታ፣ ገና መፈንዳቷ ነበር። ማታ ስልኬ ላይ የአየር ጠባይ ሳይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 4 ይላል። ዘግይታ መነሳቷም አላዳናት፤ ዴንቨር ከእሷም የባሰ ዘገየ። ሽማግሌው በአጥር ላይ ምክሩን ወረወረልኝ። ብርድ ልብስ ጣልባት፣ መሬት ይድረስ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከመሬት ነውና ግንዱ ላይ እንዳታስረው። ከሥሩ የገና መብራት አብራ፤ አዲሱን ሳይሆን የሚግለውን የድሮውን አምፖል።

የገና መብራቱን ከጋራዥ አወጣሁ። ብርድ ልብሶቻችን ሁሉ አጠሩ። እናቴ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ ቤት ገብታ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። ለእሷ የተፈተለ፣ ባለ አራት እጥፍ፣ ለእንግዳ እንኳን የማታውሰው ነው። «እማዬ፣ ይበላሻል» ብላት «ዝም በል፤ ያበበ ነገር በብርድ አይታይም» ብላ ራሷ ወጣች። እኔ መሰላል ላይ፣ ባለቤቴ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች፣ እናቴ ከታች «ወደ ቀኝ፣ ራሷን ሸፍን፣ ራሷን!» እያለች ታዛለች። ጋቢው በአንድ በኩል መሬት ነካ፤ በሌላው በኩል ጉልበት ላይ ቀረ። እዚያ ነጠላ ቀጠልንበት። ሥሩ መብራት ሲበራ፣ በጨለማው በረዶ መሐል አንዲት ነጭ የለበሰች፣ ውስጧ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ባልቴት ጓሯችን ቆመች። የሚያልፍ ሁሉ መኪናውን አዘገየ። እናቴ ሁለት ጊዜ እየተነሳች በመስኮት አየቻት። «ገና አለፈ፣ ፋሲካ አልደረሰ፤ ምን ይሉን ይሆን?» አለች እየሳቀች።

ጠዋት አበባ ከፈትሁ። በጋቢው በኩል መሐሉ አረንጓዴ ነው። ነጠላው ባለበት በኩል ክብሪት።

የተረፈው እንኳን እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ጁን ላይ ፍሬዎቹ ብይ ሲያካክሉ ከዚህ ሁሉ መሐል በየስንዝሩ አንድ አንድ ብቻ ትተህ ሌላውን ልቀም የሚል ሕግ አለ፤ አለበለዚያ ፍሬው ትንንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ቅርንጫፉም ይሰበራል። እናቴ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። «ጋቢዬን ያለበስሁትን ልታረግፍ ነው? ግፍ ነው! ያሳደገ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። በቀን ለቀምሁ ተብዬ ተገሠጽሁ፤ ስለዚህ እሷ ስትተኛ ሌባ መስዬ በስልክ መብራት ለቀምሁ። በልጅነቴ ከሰው ጓሮ፣ አሁን ደግሞ ከራሴ፣ አረንጓዴ ኮክ ሰርቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሽኮኮዎቹ ይንገሩ። የኦሮራና የዴንቨር ሽኮኮ ኮክ አይበላም፤ ይቀምሳል። አንዱን አንድ ጊዜ ገመጥ ያደርግና «አልበሰለም» ብሎ ይጥላል፤ ሌላውን ያነሳል። የልጅነቴን ሥራ የሚመስል ስለሆነ ጮክ ብዬ አልተሳደብሁም። መረብ ጣልሁ፤ መረቡን ቀዱት። በመጨረሻ 23 ፍሬ ለእኛ ደረሰ። በነሐሴ 10፣ በጾሙ መሐል፣ የመጀመሪያውን ቆረጥነው። ድንጋዩ ሳይጣበቅ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እናቴ ቀመሰችና ዝም አለች። ቆይታ «ጣፋጭ ነው፤ የአጥር ሥሩን ያህል ግን አይቆመጥጥም» አለች። ይህም ምስጋና ነው።

መመለሻዋ ሲደርስ ድንጋዩን ሻንጣዋ ውስጥ ልትከት ስትል ያዝኋት። ችግኝም ፍሬም ያለ ፈቃድ ማሻገር ክልክል መሆኑን ነገርኋት፤ አልሰማችም። ስለዚህ ሌላውን ነገርኋት፦ የዚች ልጅ 1,050 ሰዓት ቅዝቃዜ ትፈልጋለች። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ነው፤ ከፍታ ብርድ ያመጣል ተብለን ያደግን ሰዎች ከላይ ወደ ታች ወርደን ነው በረዶ ያገኘነው። እዚያ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ያሞቀዋል፤ እሷ ቆጥራ አትጨርስም። ቅጠሏ እዚህም እዚያም ይወጣል፣ አበባዋ ይሳሳል፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ታዛጋለች። እናቴ ድንጋዩን እያገላበጠች ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እንቅልፍ የለመደ ልጅ ለእኛ አይሆንም» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጋቢዋን ግን ይዛ ሄደች።

ስለዚህ ሎውሪና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ ችግኝ የምትገዙ ሥዕሉን ትታችሁ ወረቀቱን ገልብጡ፤ ቁጥሩ ከሺህ ካነሰ መልሱት። ለእኔ ደግሞ ለኤፕሪል ሁለት ጋቢ የሚያበድረኝ ካለ ደጄ ክፍት ነው፤ ቦምብ ጣዩን እንዳለፋችሁ ደውሉልኝ። ነጠላ አታምጡ፤ ሞክረነዋል። ኪራዩን በፍልሰታ በኮክ እከፍላለሁ፤ ሽኮኮዎቹ ከፈቀዱ።